ከሐጋይ ወደ ጸደይ፡ በዐቢይ ጾም ወደ ሰሜን የሚመለሱት አዕዋፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ዓመቱን በአራት ወቅቶች ከፍላ ትቈጥራለች። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ዘመነ መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ዘመነ ሐጋይ ወይም በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ዘመነ ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ደግሞ ዘመነ ክረምት ይባላል። ሐጋይ አልቆ ጸደይ ሊገባ ሲቃረብ እኛ ምእመናን በዐቢይ ጾም ጉዞ ላይ እንገኛለን። ጾሙ ቢወርድ ከየካቲት 1፣ ቢወጣ ከመጋቢት 5 አያልፍምና።

በዚሁ ሰሞን ከራሳችን በላይ ባለው ሰማይ ሌላ ጉዞ ይካሄዳል። በመጸው መጀመሪያ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው ወደ አገራችን የመጡ አዕዋፍ የበጋውን ወራት በሐይቆቻችን፣ በእርሻዎቻችንና በገዳሞቻችን ዙሪያ አሳልፈው ወደ ተወለዱበት አገር መመለስ ይጀምራሉ። ማንም አዋጅ አይነግርላቸውም፤ ማንም መንገድ አይመራቸውም። ነገር ግን ጊዜያቸውን አይስቱም።

ነቢዩ ኤርምያስ ሕዝቡን ስለ ንስሓ መዘግየታቸው በወቀሰ ጊዜ ምስክር አድርጎ ያቆመው ይህንኑ ነው። ሽመላና ዋኖስ፣ ሌሎችም የሰማይ ወፎች የመምጫቸውንና የመሄጃቸውን ወራት ጠብቀው ሲገኙ፣ የእግዚአብሔር ሕዝብ ግን የአምላኩን ፍርድ ሳያስተውል መቅረቱን በኀዘን ይናገራል (ኤር. 8፥7)። ነቢዩ በዓይኑ ያየው የአዕዋፍ ጉዞ ዛሬም በየዓመቱ ይደገማል፤ የሚያልፈውም በእኛው ሰማይ ነው። በዚህ ጽሑፍ እነዚህ አዕዋፍ ከየት መጥተው ወዴት እንደሚሄዱ፣ በየትኛው ወር የትኞቹ እንደሚታዩ፣ ጊዜያቸውን እንዴት እንደሚያውቁ፣ ከእኛም ምን እንደሚጠበቅ እንመለከታለን።

፩. አዕዋፍ በቅዱሳት መጻሕፍትና በአበው ትምህርት

እግዚአብሔር አምላክ አዕዋፍን የፈጠረው በአምስተኛው ቀን በዕለተ ሐሙስ ነው (ዘፍ. 1፥20-23)። ከዚያ ጀምሮ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አዕዋፍ የሌሉበት ታላቅ ነገር ጥቂት ነው። የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለአባታችን ለኖኅ ያበሠረችው የወይራ ቅጠል የያዘች ርግብ ናት። ለነቢዩ ኤልያስ ምግብ ያመላለሱት ቁራዎች ናቸው። ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስም ስለ ነገ የሚጨነቀውን ልባችንን ለማሳረፍ ወደ ሰማይ ወፎች እንድንመለከት አስተምሮናል (ማቴ. 6፥26)።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ አዕዋፍ ጉዞ በተለይ የሚናገሩባቸው ቦታዎች አሉ። እግዚአብሔር ጻድቁ ኢዮብን በጠየቀው ጊዜ ጭልፊት ክንፉን ወደ ደቡብ የሚዘረጋው በሰው ጥበብ እንዳልሆነ አሳስቦታል (ኢዮ. 39፥26)። ጠቢቡ ሰሎሞንም ክረምቱ ማለፉን፣ አበባ በምድር መታየቱን ሲገልጥ የዋኖስ ድምፅ በምድሪቱ መሰማቱን እንደ ምልክት ጠቅሷል (መኃ. 2፥11-12)። በግእዝ ማዕነቅ የምትባለው ዋኖስ በቅድስት ሀገር ዓመቱን ሙሉ የምትገኝ አልነበረችም፤ ክረምቱን በአፍሪካ አሳልፋ በጸደይ ወራት ትመለስ ነበር። ስለዚህ ድምፅዋ መሰማቱ የወቅቱ መለወጥ ማረጋገጫ ነበር። በየካቲት 8 ቀን በዓለ ስምዖንን ስናከብር እመቤታችንና ጻድቁ ዮሴፍ ወደ ቤተ መቅደስ በወጡ ጊዜ ሕጉ ያዘዘው የድሆች መሥዋዕት ጥንድ ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩቶች እንደ ነበር እናስታውሳለን (ሉቃ. 2፥24)።

ከአበው መካከል ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ባስተማራቸው ስብከቶቹ ስለ አዕዋፍ በስፋት ተናግሯል። ረጅም አንገት ያላቸው፣ በመንጋ የሚጓዙት ትልልቅ ወፎች ሌሊት በተራ እየጠበቁ እንደሚያድሩ፣ ሽመላዎችም እንደ አንድ ሠራዊት ተሰብስበው በአንድነት እንደሚነሡ፣ ያረጁ ወላጆቻቸውንም እንደሚጦሩ በዘመኑ የታወቀውን ጠቅሶ፣ ሰው ከእነርሱ ትጋትንና ወላጅን ማክበርን እንዲማር መክሯል። ሽመላ በዕብራይስጥ የምትጠራበት ‹ሐሲዳ› የሚለው ስምም ቸርነትንና ታማኝነትን ከሚያመለክት ቃል የወጣ ነው።

በአገራችን ትውፊትም አዕዋፍ ልዩ ስፍራ አላቸው። ማሕሌታይ ቅዱስ ያሬድ ሰማያዊውን ዜማ የተማረው ከገነት በተላኩ ሦስት አዕዋፍ ተጠርቶ፣ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጥቆ እንደ ሆነ ገድሉ ይመሰክራል። በየአድባራቱ ከንጋት ኪዳን ጋር አብሮ የሚሰማው የወፎች ዝማሬ ለኢትዮጵያዊ ምእመን ከቅዳሴው የተለየ ነገር ሆኖ ተሰምቶት አያውቅም።

፪. ከየት መጥተው ወዴት ይሄዳሉ?

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ ወደ 200 የሚጠጉት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ተሰዳጅ አዕዋፍ ናቸው። የሚበዙት መምጣት የሚጀምሩት ክረምታችን ሲወጣ ነው፤ ብዙዎቹም ከመስከረም 26 ጀምሮ ባለው በዘመነ ጽጌ ይደርሳሉ። እኛ የእመቤታችንንና የልጇን ወደ ግብጽ መሰደድ በማሕሌተ ጽጌ በምናስብበት ወራት፣ እነዚህም ስደተኞች ቅድስት ሀገርንና ግብጽን አቋርጠው ወደ እኛ ይመጣሉ።

የሚጓዙበት መንገድ ታላቁን ስምጥ ሸለቆና ቀይ ባሕርን ተከትሎ የሚሄድ ነው። ክንፋቸውን ዘርግተው በአየር ላይ በመንሳፈፍ ለሚጓዙ ትልልቅ አዕዋፍ ይህ መስመር በዓለም ካሉት ሁሉ በብዛት ሁለተኛ እንደ ሆነ ይነገራል። ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ንስሮች፣ ጭልፊቶች፣ ሽመላዎችና መሰሎቻቸው በየዓመቱ ይመላለሱበታል። ትንንሾቹ ሲጨመሩ ቍጥሩ ከግምት በላይ ነው፤ በቅድስት ሀገር ሰማይ ብቻ በየወቅቱ ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጉ አዕዋፍ እንደሚያልፉ ይገመታል።

ትልልቆቹ አዕዋፍ ይህን መንገድ የመረጡበት ምክንያት አለ። ሽመላ ክብደቷ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ይህን ያህል ገላ ተሸክማ ክንፏን ሳታቋርጥ እያርገበገበች በሺህ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር መሄድ አትችልም። ስለዚህ ፀሐይ ምድርን ስታሞቅ ወደ ላይ የሚወጣውን ሞቃት አየር ትጠቀማለች። በዚያ አየር ውስጥ እየዞረች ክንፏን ሳታንቀሳቅስ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ከዚያም ወደ ፊት እየተንሸራተተች ወደሚቀጥለው ትደርሳለች። እንዲህ ያለ አየር በሰፊ ባሕር ላይ አይገኝም። በዚህ ምክንያት ሽመላዎች የሜዲትራኒያንን ባሕር በቀጥታ አያቋርጡም፤ የምሥራቅ አውሮፓዎቹ በቱርክ፣ በሶርያና በሊባኖስ፣ በዮርዳኖስ ሸለቆ፣ በሲና በረሃና በዓባይ ሸለቆ ይዞራሉ። በመመለሻቸውም ያንኑ መንገድ ይከተላሉ። ነቢዩ ኤርምያስ በይሁዳ ምድር ቆሞ ወደ ሰማይ ሲመለከት ያያቸው እነዚህን ነው።

ዛሬም በኢየሩሳሌም በዴር ሡልጣን ገዳማችን የሚኖሩ አባቶችና እናቶች፣ ትንሣኤን በዚያ ለማክበር የሚሄዱ ምእመናንም በመጋቢት ወር ቀና ቢሉ ከእኛ ምድር ተነሥተው ወደ ሰሜን የሚያልፉትን ሊያዩ ይችላሉ። በፖላንድና በአጎራባቾቿ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በመጋቢትና በሚያዝያ ሽመላዎች ባለፈው ዓመት ወደ ሠሩት ጎጆ ሲመለሱ ያያሉ። ጎጆው ብዙ ጊዜ በቤት ጣራ፣ በምሰሶ፣ አልፎ አልፎም በቤተ ክርስቲያን ጕልላት ላይ የተሠራ ነው። ልበ አምላክ ቅዱስ ዳዊት ወፍ በእግዚአብሔር መሠዊያ አጠገብ ለጫጩቶቿ ቤት ማግኘቷን አይቶ የተናገረው በእነዚያ ጣራዎች ላይ ይታያል (መዝ. 83፥3)።

ሰው ይህን ጉዞ በትክክል የተረዳው ዘግይቶ ነው። በአውሮፓ ለብዙ ዘመናት አንዳንድ ወፎች በክረምት ጊዜ በጭቃ ውስጥ ወይም በሐይቅ ሥር ይተኛሉ ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን ጀርመን አንዲት ሽመላ ከአፍሪካ የተወረወረ ረጅም ጦር አንገቷን ወግቷት ከነጦሩ በርራ ተመልሳ ተገኘች። ያቺ ሽመላ እስከ ዛሬ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቃ ትገኛለች። ወፎቹ በእርግጥ ወደ አፍሪካ ሄደው እንደሚመለሱ ለሰዎች ካስረዱት ግልጽ ማስረጃዎች አንዷ እርሷ ናት።

፫. በዚህ ሰሞን በአካባቢያችን ምን ይታያል?

አዕዋፉን ለማየት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ከኪዳን ወይም ከቅዳሴ ስንወጣ ጥቂት ቆም ብሎ ማስተዋል በቂ ነው።

በየካቲት ወር በመንጋ መሰብሰብ ይታያል። በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ በተለይም በፎገራ ሜዳ፣ ግራጫ ላባ፣ ረጅም አንገትና ረጅም እግር ያላቸው፣ የውጭ አገር ሰዎች ክሬን የሚሏቸው ትልልቅ ወፎች በሺዎች ተሰብስበው በታጨደው እርሻ ላይ የወደቀውን እህል ሲለቅሙ ይታያሉ። ከሩስያና ከአካባቢዋ በጥቅምትና በኅዳር የመጡ ናቸው፤ ሲመሽ ወደ ሐይቁ ዳር ይመለሳሉ። ጩኸታቸው ከሩቅ ስለሚሰማ በደሴት ገዳማት ያሉ አባቶች ሳያዩአቸውም መምጣታቸውንና መሄዳቸውን ያውቃሉ። የካቲት ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ጠዋት ይነሡና ሰማዩን በሾለ ሰልፍ ይዘው ወደ ሰሜን ያቀናሉ። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ባለችው በጨለለቃ ሐይቅ ዙሪያም ከእነርሱ ወገን የሆኑ ይገኛሉ።

በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት የሽመላዎች ተራ ነው። ነጭ ሽመላ ገላዋ ነጭ፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁር፣ መንቈሯና እግሮቿ ቀይ በመሆናቸው በቀላሉ ትለያለች። ምድር በደንብ ከምትሞቅበት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ብዙ ሽመላዎች በአንድ ስፍራ እየዞሩ ወደ ላይ ሲወጡ ካየን ለጉዞ መነሣታቸው ነው። በሱሉልታ ሜዳና በከተሞች ዳርቻ በጋውን ያሳለፉ፣ ከመካከለኛው እስያና ከሩስያ ሜዳዎች የመጡ ቡናማ ንስሮችም በዚሁ ጊዜ ይሄዳሉ።

በመጋቢትና በሚያዝያ ትንንሾቹን ማስተዋል ይገባል። ከብቶች በተሰማሩበት መስክ ከእግራቸው ሥር እየሮጠች ነፍሳትን የምትለቅም፣ ጅራቷን ከፍ ዝቅ የምታደርግ፣ ሆዷ ቢጫ የሆነች ወፍ አለች። ክብደቷ 20 ግራም ያህል ብቻ ነው። በጋውን ደብዘዝ ብሎ የቆየው የወንዱ ላባ ከመሄጃው በፊት ደማቅ ቢጫ ይሆናል፤ ይህን ያየ ሰው የጉዞው ቀን መድረሱን ያውቃል። ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀ፣ ከመስክና ከውኃ በላይ ዝቅ ብላ በፍጥነት የምትበርረውም እንዲሁ ናት። ንብና ተርብን በአየር ላይ የምትይዘው ባለ ብዙ ቀለሟ ወፍ ደግሞ ከደቡብ መጥታ በመንጋ ስታልፍ በድምፅዋ ትታወቃለች።

በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ በዝዋይ፣ በአብያታና በሐዋሳ፣ ከሰሜን የመጡ የዱር ዳክዬዎችና በውኃ ዳር የሚመገቡ ልዩ ልዩ አዕዋፍ በእነዚህ ወራት ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ። ወደ ዝዋይ ደሴቶች፣ ወደ ደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም በጀልባ የሚጓዝ ምእመን በጥር ያየውንና በሚያዝያ የሚያየውን ቢያነጻጽር ልዩነቱን በግልጽ ያገኘዋል።

የሰሜኖቹ ሲሄዱ ቦታው ባዶ አይቀርም። በዘመነ ጸደይ የዝናብ ደመና ሲታይ ጥቁር ገላና ነጭ ሆድ ያላት ሌላ የሽመላ ወገን ከአፍሪካ ደቡባዊ ክፍል ትመጣለች። ይህች በብዙ ስፍራ የዝናብ አብሣሪ ተደርጋ የምትታይ ናት። ምድር አንዱን እንግዳ ሸኝታ ሌላውን ትቀበላለች።

፬. ጊዜያቸውን እንዴት ያውቃሉ?

በሰሜኑ የዓለም ክፍል ላሉ አዕዋፍ የቀኑ መርዘምና ማጠር ትልቅ ምልክት ነው። በእኛ አገር ግን ይህ ምልክት ደካማ ነው። በአዲስ አበባ በዓመቱ ረጅም ቀንና በዓመቱ አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነውና። ታዲያ በጣና ዳር የምትለቅመዋ ወፍ በሩስያ በረዶው መቅለጥ መጀመሩን በምን ታውቃለች?

ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ፈጣሪ በአዕዋፍ ውስጥ ዓመቱን የሚቈጥር ውስጣዊ ሰዓት አኑሮባቸዋል። ብርሃኑና ሙቀቱ በማይለዋወጥበት ክፍል ውስጥ የተያዙ ተሰዳጅ አዕዋፍ እንኳ የጉዞአቸው ወራት ሲደርስ ሌሊት ዕረፍት ያጣሉ፣ ይቅበጠበጣሉ፣ ክንፋቸውንም ያርገበግባሉ። ማንም ባይነግራቸው፣ ምንም ምልክት ባያዩ፣ መሄድ እንዳለባቸው ያውቃሉ።

ከመነሣታቸው በፊት ይዘጋጃሉ። የሰሃራን በረሃ የሚያቋርጡ ትንንሽ ወፎች አብዝተው በመመገብ ስብ ያከማቻሉ፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ክብደታቸው እጥፍ ሊሆን ይቃረባል። ያ ስብ በበረሃው ላይ ስንቃቸው ነው። አቅጣጫቸውን ለማወቅ ደግሞ ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት በከዋክብት፣ እንዲሁም የሰው ስሜት በማይደርስበት በምድር የመግነጢስ ኃይል ይመራሉ። ትልልቆቹ የተራራውን፣ የሸለቆውንና የወንዙን መልክ ያስታውሳሉ።

እነዚህን ሁሉ ያጠኑ ሰዎች ሥራው እንዴት እንደሚከናወን ነግረውናል። ይህን ሥርዓት በ20 ግራም ፍጡር ውስጥ ያኖረውን ግን እምነት ያውቀዋል። እግዚአብሔር ለኢዮብ ያቀረበው ጥያቄ በምርምር ብዛት አልተሻረም፤ ይልቁንም ጥልቀቱ እየታወቀ ሄደ።

፭. ለጾም ጉዞአችን ያለው ትምህርት

የነቢዩ ኤርምያስ ወቀሳ ዛሬም ወደ እኛ ይደርሳል። ወፍ በውስጧ የተቀመጠውን ጥሪ ሰምታ ትነሣለች። በሰውም ውስጥ ወደ ፈጣሪው የሚጠራው ሕሊና ተቀምጧል፤ ከሕሊናም በላይ ሕግ፣ ነቢያት፣ ወንጌልና የቤተ ክርስቲያን ደወል አሉን። ዐቢይ ጾም በዓመት አንድ ጊዜ የሚደርስ የመነሻ ወራት ነው። በጾሙ እኩሌታ በምናከብረው በደብረ ዘይት ጌታችን ስለ ዳግም ምጽአቱ ያስተማረውን እንሰማለን፤ የበለስን ቅጠል አይቶ በጋ መቅረቡን የሚያውቅ ሰው የዘመኑንም ምልክት እንዲያስተውል ታዝዟል (ማቴ. 24፥32-33)።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ስንቅ ነው። ወፍ ለበረሃው ስንቋን የምትይዘው ገና በለምለሙ ምድር ሳለች ነው፤ በረሃው መካከል ደርሳ ልሰብስብ ብትል አታገኝም። እኛም ጾሙን፣ ጸሎቱን፣ ምጽዋቱን ማከማቸት ያለብን ጊዜ በእጃችን ሳለ ነው።

ሦስተኛው ስለ አንድነት ነው። ትልልቆቹ አዕዋፍ በሰልፍ ሲሄዱ ፊት ያለው ንፋሱን ይቀበላል፤ ሲደክም ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሌላውም ይተካዋል። ጾምን ብቻውን የሚጀምር ብዙ ጊዜ በመንገድ ይደክማል። የንስሓ አባት፣ ቤተሰብ፣ ማኅበር የተሰጡን አንዱ የሌላውን ድካም እንዲሸከም ነው።

፮. ማረፊያቸው እየጠበበ ነው

እስከ አሁን ያየነው የወፏን ታማኝነት ነው። የእኛስ? ወፏ ጊዜዋን ጠብቃ ስትመጣ ባለፈው ዓመት ያረፈችበት ስፍራ ይቆያታልን?

የብዙዎቹ ተሰዳጅ አዕዋፍ ቍጥር እየቀነሰ ነው። ሰሎሞን ድምፅዋን የጠቀሳት ዋኖስ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ከሆኑት መካከል ተመዝግባለች። ከእስያ ሜዳዎች የሚመጣው ንስርም በከባድ አደጋ ላይ ካሉት ነው። በመንገዳቸው አዳኝ፣ የመርዝ ኬሚካልና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይጠብቃቸዋል። በእኛም አገር የሚያርፉባቸው ውኃዎች እየተጎዱ ነው። የአብያታ ሐይቅ በእጅጉ ሸሽቷል፤ ጣናን እንቦጭ ወርሮታል፤ ብዙ ረግረጋማ ስፍራዎችም ታርሰዋል።

በደጋው ምድር ግን አንድ መጠጊያ ቀርቷል፤ እርሱም የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት ደን ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል የጥንቱ ደን አብዛኛው ሲጠፋ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ በብዛት የቀሩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከ1,000 በላይ እንዲህ ያሉ ደኖች ተቈጥረዋል። ከአየር ላይ ሲታዩ በታረሰ ምድር መካከል እንደ አረንጓዴ ደሴቶች ናቸው። ደክማ የምትጓዝ ወፍ ከላይ የምታየው ይህንን ነው። አባቶቻችን ዛፉን ያልቈረጡት ስለ አዕዋፍ ጥናት ሠርተው አይደለም፤ ታቦቱ ያለበት ስፍራ የገነት ምሳሌ በመሆኑ ከነልብሱ መታየት አለበት ብለው ነው። ከእምነታቸው የተነሣ የጠበቁት ለፍጥረት ሁሉ መጠለያ ሆነ።

ዛሬ ይህ ደን ከውስጥም ከውጭም ይፈተናል። ከውጭ እርሻና ግጦሽ ይገፋዋል። ከውስጥ ደግሞ አጥቢያዎች ገቢ ለማግኘት አገር በቀሉን ዛፍ በባሕር ዛፍ ይተካሉ፤ ለአዳራሽና ለመቃብር ሐውልት ቦታ ሲፈለግ ዛፍ ይወድቃል፤ ግቢው ይጽዳ ተብሎ ቍጥቋጦው ተመንጥሮ በሲሚንቶ ይሸፈናል። የአጥቢያዎች ችግር እውነተኛ ነው፤ ካህናት ይኖሩበት ዘንድ፣ ጣራው ይታደስ ዘንድ ገንዘብ ያስፈልጋል። ሆኖም 200 ዓመት የቆየ ዝግባ ተሽጦ የሚገኘው ገንዘብ በአንድ ዓመት ያልቃል፤ ዛፉን ለመመለስ ግን ሌላ ሁለት መቶ ዓመት ያስፈልጋል።

አዕዋፉ ደግሞ ዕዳቸውን ይከፍላሉ። የወይራንና የጽድን ፍሬ በልተው ዘሩን የሚበትኑ እነርሱ ናቸው፤ ያለ እነርሱ ደኑ ራሱን አይተካም። ሽመላ አንበጣን አብዝታ ትመገባለች፤ ትንንሾቹም የገበሬውን ማሳ ከነፍሳት ያጸዳሉ።

፯. ምን እናድርግ?

በኦሪት እግዚአብሔር በጎጆ ያለችን ወፍ ከእነ ጫጩቶቿ የሚያገኝ ሰው እናቲቱን እንዳይወስድ አዝዟል፤ ለዚህችም ትንሽ ትእዛዝ መልካም ነገርንና ረጅም ዕድሜን ተስፋ ሰጥቷል (ዘዳ. 22፥6-7)። ጌታችንም በጥቂት ሳንቲም ከሚሸጡት ትንንሽ ወፎች አንዲቱ እንኳ በእግዚአብሔር ዘንድ እንደማትረሳ ተናግሯል (ሉቃ. 12፥6)። በእርሱ ያልተረሳችውን እኛ ልንረሳት አይገባም።

ሰበካ ጉባኤያት በቅጥር ግቢያቸው ያሉትን ጥንታውያን ዛፎች ቈጥረው ይመዝግቡ፤ ሕንጻ ሲታቀድ ዛፉ ሳይቈረጥ የሚሠራበትን መንገድ አስቀድመው ይፈልጉ። ባሕር ዛፍ ለገቢ የግድ ካስፈለገ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከምንጭና ከጠበል ርቆ ይተከል። በአንዳንድ አጥቢያዎች እንደ ተደረገው በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ መሥራት ከብት ችግኙን እንዳይበላ ይረዳል፤ የድንጋዩም ሥራ ምእመናንን በአንድነት ያሰባስባል።

የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በየካቲት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ በየእሑዱ በግቢያቸው ያዩትን ወፍ በደብተር ይመዝግቡ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ብዛቱን፣ መልኩን። ስሙን ባያውቁት መልኩን መጻፍ ይበቃል። ይህ ለጥቂት ዓመታት ቢቀጥል የትኛው ወፍ መቼ እንደሚመጣና እንደሚሄድ፣ የትኛውም መምጣቱን እንዳቆመ ያሳያል። ወላጆችም ልጆቻቸው በወንጭፍ ወፍ ከመምታት እንዲታቀቡ ይምከሩ፤ ይልቁንም ያቺ ትንሽ ወፍ ከየት እንደ መጣች ይንገሯቸው። በረሃ አቋርጣ እዚህ የደረሰች እንግዳ መሆኗን ያወቀ ልጅ ድንጋይ አያነሣባትም።

ማጠቃለያ

በዚህ ዓመት ዐቢይ ጾም ከቅዳሴ ስንወጣ ወደ ሰማይ ቀና እንበል። ሲያልፉ ካየናቸው የነቢዩን ቃል እናስብ፤ እነርሱ ጊዜያቸውን አውቀው ተነሥተዋል፣ እኛስ ተነሥተናልን? በመጪው ዘመነ ጽጌም ሲመለሱ ከተውልን ዛፍ ላይ ያርፉ ዘንድ ዛፉን ጠብቀን እንቆያቸው። እንግዳ መቀበል የአባታችን የአብርሃም ሥራ ነው፤ አብርሃምም እንግዶቹን የተቀበለው በዛፍ ጥላ ሥር ነበር (ዘፍ. 18፥4)።

አምላካችን ጊዜያችንን የምናስተውልበትን ልቡና ያድለን፤ ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።